በባሮ ዳርቻ የሚገኙ የእርሻና የንግድ ድርጅቶች የካርቦን ልቀታቸውን የሚቀንሱበትና የሚያስወግዱበት ዘዴ

መግቢያ

የባሮ ወንዝ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋማ ቦታዎች ከሚመነጩ ገባሮች ተሰባስቦ ወደ ጋምቤላ ሜዳ ይወርዳል። በጋምቤላ ከተማና በኢታንግ በኩል አልፎ ወደ ምዕራብ ከተጓዘ በኋላ ከፒቦር ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይባላል፤ በመጨረሻም ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ያለብሳል፤ በበጋ ሲጎድል ደግሞ በዳርቻው ላይ ለም ደለል ትቶ ይሄዳል። የአኙዋ ገበሬ በዚህ ደለል ላይ በቆሎውን ይዘራል፤ የኑዌር ከብት አርቢም በበጋ ከብቶቹን ይዞ ወደ ውኃውና ወደ ለምለሙ ሣር ይወርዳል።

በዚሁ ወንዝ ዳርቻና አካባቢ ጥጥ፣ ሰሊጥ፣ በቆሎ፣ ሩዝና አኩሪ አተር የሚያመርቱ ሰፋፊ እርሻዎች አሉ። በከተማውም ወፍጮ ቤቶች፣ ዳቦ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ጡብ ተኳሾች ይገኛሉ። ስለ ካርቦን ልቀት በተነሣ ቁጥር የእነዚህ ድርጅቶች ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች ነገሩ ትላልቅ የጭስ ማውጫ ያላቸውን የውጭ አገር ፋብሪካዎች እንጂ እነሱን የሚመለከት አይመስላቸውም። ጉዳዩ እንደሚመለከታቸው የተረዱትም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ዛፍ እንትከል?» የሚል።

ይህ ጥያቄ መልካም ቢሆንም መጀመሪያ የሚጠየቅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው፣ በባሮ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ልቀቱ በዋነኛነት ከምን እንደሚመጣ፣ የትኛውን በቅድሚያ ማቆም እንዳለበት፣ የትኛውን መቀነስ እንደሚችልና የቀረውን በምን ዓይነት መንገድ ከአየር መልሶ ማስወገድ እንደሚቻል ነው።

1. ልቀት ከምን ይመጣል?

ዛፍ፣ ሣርና ሰብል ሲያድጉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ከአየር ወስደው ግንድ፣ ቅጠልና ሥር ይሠሩበታል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። እንጨቱ ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ ካርቦኑ ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል። ናፍጣም ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከመሬት በታች የተቀበረ ካርቦን በመሆኑ፣ በሞተር ውስጥ ሲነድ ያ የተቀበረው ሁሉ ወደ አየር ይጨመራል። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ ሲበዛ የፀሐይን ሙቀት አምቆ ይይዛል።

ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላ ለእርሻ ድርጅት የሚያሠጉ ሁለት ጋዞች አሉ። አንደኛው ውኃ ከተኛበት የሩዝ ማሳ፣ ከከብት ሆድና ጢሱ ከበዛ እሳት የሚወጣው ሚቴን ነው። ሁለተኛው በአፈር ውስጥ ከናይትሮጅን ማዳበሪያ የሚመነጨው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። በመቶ ዓመት ጊዜ ሲታሰብ 1 ኪ.ግ. ሚቴን የ27 ኪ.ግ. ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህል፣ 1 ኪ.ግ. ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ የ273 ኪ.ግ. ያህል ሙቀት ያምቃል። ስለሆነም ሦስቱንም በአንድ መስፈሪያ፣ ማለትም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ኪሎ ወይም ቶን መቁጠር ይቻላል።

አገራችን በእ.ኤ.አ. 2011 ያወጣችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚያስረዳው፣ በእ.ኤ.አ. 2010 ከኢትዮጵያ የወጣው ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን መመናመን የመጣ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር ዋናው የጭስ ማውጫ ያለው በፋብሪካ ሳይሆን በመሬታችን ላይ ነው።

2. በቅድሚያ መዝግቦ መያዝ

ያልተመዘነ ነገር መቀነሱ አይታወቅም። ስለዚህ ማንኛውም ድርጅት ለዚሁ ሥራ የተለየ መዝገብ ቢያዘጋጅ ይገባዋል። በመዝገቡም ላይ በየወሩ የሚከተሉት ይጻፋሉ፦

ሀ. የገባውና የተቃጠለው ናፍጣና ቤንዚን በሊትር፤
ለ. በማሳ ላይ የተጨመረው ማዳበሪያ በዓይነቱና በኪሎ፤
ሐ. የተመነጠረው አዲስ መሬት በሄክታር፤
መ. የተቃጠለው አገዳ፣ ገለባና ሣር የሚሸፍነው መሬት በሄክታር፤
ሠ. ውኃ ተኝቶበት የቆየ የሩዝ ማሳ በሄክታርና በቀን፤
ረ. የተገዛው ማገዶና ከሰል በኩንታል።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ወደ ልቀት ለመለወጥ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራባቸው ስሌቶች አሉ። ለሥራ እንዲያመች የሚከተሉትን መያዝ ይበቃል፦

1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪ.ግ. ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ከግማሽ ቶን በላይ ይሆናል ማለት ነው።

100 ኪ.ግ. ዩሪያ 46 ኪ.ግ. ናይትሮጅን አለው። ከዚህ ናይትሮጅን አንድ በመቶ ያህሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል ተብሎ ይታሰባል። ከዩሪያው ራሱ የሚለቀቀው ካርቦን ሲጨመርበት ጠቅላላው 270 ኪ.ግ. ያህል ይሆናል። ይህም ማዳበሪያው በፋብሪካ ሲሠራና እስከ ጋምቤላ ሲጓጓዝ የወጣውን ሳይጨምር ነው።

1 ቶን ደረቅ አገዳ በማሳ ላይ ሲቃጠል ከሚቴንና ከናይትረስ ኦክሳይድ ብቻ 92 ኪ.ግ. ያህል ይወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በሚቀጥለው ዓመት ሰብል ተመልሶ ስለሚያዝ በዚህ ስሌት አይገባም።

1 ቶን ደረቅ የዛፍ እንጨት ተቃጥሎ ዛፉ ካልተተካ 1.7 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 100 ሄክታር በቆሎ የሚያርስ ድርጅት አለ እንበል። በሄክታር 60 ሊትር ናፍጣና 100 ኪ.ግ. ዩሪያ ይጠቀማል። ከአዝመራ በኋላ አገዳውን ያቃጥላል፤ በሄክታር 3.2 ቶን አገዳ ይነዳል። በዚሁ ዓመት ደግሞ እርሻውን ለማስፋት 5 ሄክታር ዛፍ ያለበት መሬት መንጥሮ አቃጠለ። በየሄክታሩ ላይ የነበረው የዛፍ ደረቅ ክብደት 30 ቶን ነው እንበል። ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል፦

ከናፍጣ 16 ቶን፤
ከዩሪያ 27 ቶን፤
ከአገዳ ቃጠሎ 29 ቶን፤
ከምንጣሮ 259 ቶን፤
ጠቅላላ 331 ቶን።

እንደሚታየው 100 ሄክታር ለማልማት ዓመቱን ሙሉ የወጣው 72 ቶን ሲሆን፣ አምስት ሄክታር ብቻ በመመንጠር የወጣው ከዚያ ሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። በሌላ አነጋገር ከአንድ ሄክታር ምንጣሮ የሚወጣው ካርቦን ከ19,000 ሊትር በላይ ናፍጣ ከማቃጠል ጋር እኩል ነው። ይህ ናፍጣ ያንኑ አንድ ሄክታር ከ300 ዓመት በላይ ለማረስ ይበቃል። ሥራ አስኪያጁ የትራክተሩን ጭስ እያየ ሊጨነቅ ይችላል፤ ዋናው ልቀት ግን ትራክተሩ ገና ሳይነሣ በመጥረቢያና በክብሪት ወጥቷል።

3. አዲስ መሬት አለመመንጠር

ከላይ ካየነው ሒሳብ የሚከተለው የመጀመሪያው ምክራችን ግልጽ ነው። ቀድሞ የተመነጠረው መሬት በሚገባ ሳይለማ አዲስ መሬት መመንጠር አይገባም።

በጋምቤላ የሆነውን ማስታወስ ለዚህ ይጠቅማል። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. በባሮ አካባቢ 100,000 ሄክታር መሬት በኪራይ ለመያዝ ውል ፈረመ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወንዙ ሞልቶ በእርሻው ላይ የነበረውን በቆሎ አጠፋው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ መሬቱ በውሉ መሠረት አልለማም ተብሎ ውሉ ተሠረዘ። መንግሥት በክልሉ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ ያስጠናው ጥናትም ለባለሀብቶች ከተሰጠው መሬት ብዙው ሳይለማ መቅረቱን አመልክቷል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መሬቱ ከተመነጠረ በኋላ እርሻው ቢከሥርም ባይከሥርም ካርቦኑ ወጥቷል፤ ውል ሲሠረዝ አብሮ አይመለስም። ሁለተኛ፣ የባሮ ሜዳ የጎርፍ ሜዳ ነው። ወንዙ በየጊዜው ወደሚተኛበት ቦታ ገፍቶ የሚገባ እርሻ ዛፉንም፣ ዘሩንም፣ ናፍጣውንም አብሮ ሊያጣ ይችላል።

ስለሆነም መሬት ከመዘጋጀቱ በፊት የሚከተሉት እንዲፈጸሙ እንመክራለን፦

ሀ. በሕጉ መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይደረግ። ግምገማው ለወረቀት ሥራ ብቻ ሳይሆን የዛፉን ብዛትና የጎርፉን ወሰን በትክክል ለማወቅ ይዋል። የጎርፉን ወሰን በተመለከተ የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ከማንኛውም ካርታ ያላነሰ ዕውቀት ይሰጣል።

ለ. በወንዝና በጅረት ዳር ያለው ደን በምንም ዓይነት አይነካ። ይህ ደን ካርቦን ከመያዙም በላይ ዳርቻውን ከመሸርሸር ይጠብቃል።

ሐ. ረግረግ መሬት አይጠንፈፍ። በረግረግ አፈር ውስጥ የተጠራቀመው ብስባሽ ውኃው ሲወጣ አየር ስለሚያገኘው በስብሶ ለብዙ ዓመታት ካርቦን ሲለቅ ይኖራል።

መ. በማሳ ውስጥ ያሉ ትላልቅ ዛፎች፣ በተለይም ሺአ፣ ሁመርና ዋንዛ፣ ትራክተር በሚያልፍበት ርቀት ተለይተው ይተዉ። ከሺአ ፍሬ ዘይት ይወጣል፤ የሁመር ፍሬ ይበላል፤ የዋንዛም ጣውላ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ሠ. ምርትን ለመጨመር መሬት ከማስፋት ይልቅ በተሻሻለ ዘር፣ በወቅቱ በመዝራትና አረምን ቶሎ በማረም የሄክታሩን ምርት ማሳደግ ይቅደም።

4. ቃጠሎን ማቆም

በጋምቤላ ከኅዳር ጀምሮ ሣሩ ሲደርቅ እሳት በየቦታው ይታያል። ከብት አርቢው አዲስ ሣር እንዲበቅልለት፣ አዳኙ መንገድ እንዲከፈትለት፣ የእርሻ ድርጅቱ ደግሞ አገዳውን ለማስወገድ ይለኩሳል። የእርሻ ድርጅቱ እሳት ግን ከሌሎቹ የሚለየው በየዓመቱ በአንድ ቦታ ላይ የሚደገም በመሆኑ ነው። በዚህም የተነሣ አፈሩ ብስባሹን ያጣል፤ ከፀሐይም ከዝናብም የሚከልለው አይኖርም።

የበቆሎና የማሽላ አገዳ ተቆራርጦ በማሳው ላይ ቢተው አፈሩን ያለብሳል፤ እርጥበት ይይዛል፤ ሲበሰብስም ወደ አፈር ይገባል። ለዚህ የአገዳ መቁረጫ ያለው ትራክተር ከሌለ በከብት ማስረገጥም ይቻላል። ከጎረቤት የኑዌር ከብት አርቢዎች ጋር በመስማማት ከአዝመራ በኋላ ከብቶቻቸው በማሳው ላይ እንዲሰማሩ ቢደረግ፣ አገዳው ይበላል፣ ማሳው ፍግ ያገኛል፣ በድርጅቱና በጎረቤቱ መካከልም ሰላም ይሆናል። ሆኖም ከብቶቹ የሚገቡበትና የሚወጡበት ቀን አስቀድሞ በሽማግሌዎች ፊት ቢወሰን መልካም ነው።

የጥጥ አገዳ ግን በማሳ ላይ መቆየት የለበትም። በውስጡ የሚያርፉ ተባዮች ወደሚቀጥለው ሰብል ይተላለፋሉና። ስለዚህ የጥጥ አገዳ ተነቅሎ መሰብሰብ አለበት። ይሁን እንጂ ክምር ሠርቶ በእሳት ከማጋየት ይልቅ በክፍል 8 እንደምናሳየው ወደ ከሰልነት ተለውጦ ለአፈር ቢውል ይሻላል።

ከውጭ የሚመጣውን እሳት ለመከላከል በእርሻው ዙሪያ ከ6 እስከ 10 ሜትር ስፋት ያለው የእሳት መከላከያ መስመር ሣሩ ከመድረቁ በፊት ይጸዳ። የጋምቤላ ሣር ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ ጠባብ መስመር እሳቱን አያስቆመውም።

5. ማዳበሪያን በቁጠባ መጠቀም

በዩሪያ የሚገኘው ናይትሮጅን ሰብሉ ካልወሰደው በስተቀር ከሦስት አንዱ ዕጣ ይደርስበታል፤ ወደ አየር ይተናል፣ በውኃ ታጥቦ ይሄዳል፣ ወይም አፈሩ ውኃ ሲቋጥር በረቂቅ ነፍሳት አማካይነት ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ይለወጣል። የባሮ ሜዳ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ የሚቋጥር ስለሆነ የመጨረሻው ጉዳት በእኛ ዘንድ የበረታ ነው። ገንዘብ የተከፈለበት ማዳበሪያ ሁለት ጊዜ ይጎዳል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ የባለቤቱን ኪስ፣ ሁለተኛ አየሩን።

ጉዳቱን ለመቀነስ፦

ሀ. ዩሪያ በአንድ ጊዜ አይበተን። ለበቆሎ ከፊሉን ሰብሉ ሲበቅል፣ የቀረውን ጉልበት እስኪደርስ ሲያድግ መጨመር ይገባል።
ለ. ከአፈር በላይ ተበትኖ አይተው፤ ከሥሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበር።
ሐ. ከባድ ዝናብ ሲያንዣብብና በማሳው ላይ ውኃ ተኝቶ ሳለ አይጨመር።
መ. በቆሎና ጥጥ ከማሾ፣ ከአኩሪ አተር ወይም ከለውዝ ጋር ይፈራረቁ። እነዚህ ሰብሎች በሥራቸው ናይትሮጅን ከአየር ስለሚይዙ የሚቀጥለው ሰብል የሚፈልገውን ዩሪያ ይቀንሳሉ።
ሠ. የከብት ፍግ በሚገኝበት ቦታ ብስባሽ ተዘጋጅቶ ይጨመር።

6. በሩዝ ማሳ ላይ ውኃን ማፈራረቅ

በአቦቦ ወረዳ በአልዌሮ ግድብ ውኃ ሩዝ ሲመረት ቆይቷል። ወደ ፊትም በባሮ ዳርቻ የሩዝ ልማት እንደሚስፋፋ ይጠበቃል። ሩዝ ከሌላው ሰብል የሚለየው ውኃ በተኛበት መሬት መብቀል በመቻሉ ነው። ነገር ግን ውኃ ለረዥም ጊዜ ሲተኛ አየር ወደ አፈሩ አይገባም፤ ያለ አየር የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳትም ብስባሹን ወደ ሚቴን ይለውጡታል። ለ110 ቀን ያለማቋረጥ ውኃ የተኛበት አንድ ሄክታር ሩዝ በአማካይ ስሌት 3.5 ቶን ያህል ልቀት አለው።

ይህንን ወደ ግማሽ ገደማ ለማውረድ የሚቻለው በሩዝ አምራች አገሮች የተፈተነውን ውኃን የማፈራረቅ ዘዴ በመጠቀም ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ተወስዶ የታችኛው ግማሽ ዙሪያውን ይበሳሳል። የተበሳሳው ክፍል በማሳው ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበርና በውስጡ ያለው አፈር ይወጣል። ሩዙ ከተዛወረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማሳው በ5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይሞላና ይተዋል። ውኃው በቧንቧው ውስጥ ከአፈሩ ወለል በታች 15 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ እንደገና ይሞላል። ሆኖም ሩዙ ከማበቡ አንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ አበባው ካለፈ አንድ ሳምንት እስኪሆነው ድረስ ማሳው ውኃ ሊጎድልበት አይገባም። አረም የበዛበት ማሳም መጀመሪያ በአረም መከላከል ይያዝ። ይህ ዘዴ ሚቴንን ከመቀነሱም በላይ የፓምፕ ናፍጣ ይቆጥባል።

7. ናፍጣ፣ ኤሌክትሪክና ማገዶ

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ስለሆነች እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ እዚህ የሚደርሰው ሌላ ናፍጣ ተቃጥሎ ነው። በመሆኑም እዚህ የሚቆጠብ ነዳጅ በወንጂ ወይም በአዋሽ ከሚቆጠበው ይበልጥ ዋጋ አለው።

ትራክተርን በተመለከተ የአየር ማጣሪያው በየጊዜው ይጽዳ፤ የደነዘዘ ዲስክ ይሳል ወይም ይለወጥ፤ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ጎማ በሚንሸራተትበት ጊዜ አይታረስ፤ ሥራ በሌለበት ጊዜ ሞተር ሥራ ላይ አይቆይ። ማሳን ሁለትና ሦስት ጊዜ መገልበጥ የግድ በማይሆንበት ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ አርሶ መዝራት ናፍጣን በእጅጉ ይቀንሳል።

ፓምፕን በተመለከተ የሚፈጀው ነዳጅ ውኃው ከሚወጣበት ከፍታ ጋር አብሮ ይጨምራል። ባሮ በክረምትና በበጋ ከፍታው እጅግ ስለሚለያይ ፓምፑን በዳርቻው ላይ በአንድ ቦታ ከመትከል ይልቅ ከውኃው ጋር በሚወጣና በሚወርድ ተንሳፋፊ ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል። የሚያፈስ ቱቦና ያልተለሰነ ቦይም ሊጠገን ይገባል። ለአነስተኛ የአትክልትና የፍራፍሬ እርሻ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ተስማሚ ነው፤ ውኃ በእጅጉ የሚፈለገው በበጋ ሲሆን ፀሐይም የምትበረታው ያን ጊዜ ነውና።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከውኃና ከነፋስ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ኃይሉን ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ መስመር በሚደርስበት ቦታ ሁሉ የወፍጮ፣ የጥጥ መዳመጫና የዘይት መጭመቂያ ሞተር ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ቢዛወር ልቀቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ጀኔሬተር ከሥራው መጠን ጋር የተመጣጠነ እንጂ የተጋነነ አይሁን።

የከተማ ዳቦ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ጡብ ተኳሾች ዋናው ልቀታቸው ማገዶ ነው። እንጨት በሚበቅልበት ልክ ከተቆረጠ ካርቦኑ ይተካል፤ በጋምቤላ ዙሪያ ግን ማገዶና ከሰል የሚመጣበት ርቀት በየጊዜው እየጨመረ መሄዱ እንጨቱ እንደማይተካ ያስረዳል። እነዚህ ድርጅቶች ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቢሠሩ፣ እንጨቱን ከማንደዳቸው በፊት በሚገባ ቢያደርቁ፣ እንዲሁም ከእርሻ ድርጅቶች ጋር ተዋውለው የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የጥጥ አገዳና የሩዝ እብቅ በማገዶነት ቢጠቀሙ ለሁለቱም ወገን ጥቅም ይገኛል።

8. የቀረውን ከአየር መልሶ ማስወገድ

ከላይ የተባለው ሁሉ ከተፈጸመ በኋላም የተወሰነ ልቀት ይቀራል። ያለ ናፍጣና ያለ ማዳበሪያ ሰፊ እርሻ ማካሄድ ለጊዜው አይቻልምና። «ስንት ዛፍ እንትከል?» የሚለው ጥያቄ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ሀ. ጉቶን ማሳደግ። የተቆረጡ ብዙ ዛፎች ሥራቸው በሕይወት ስላለ ከጉቶአቸው ያቆጠቁጣሉ። ከብትና እሳት ከተከለከሉና ከቀንበጦቹ ጠንካራዎቹ ሁለት ሦስቱ ተመርጠው ሌላው ከተገረዘ፣ ከችግኝ ይልቅ ፈጥነው ያድጋሉ። በወላይታ ሁምቦ ወረዳ ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ያስመለሱት በአብዛኛው በዚሁ ዘዴ ነው። ከተያዘውም ካርቦን ከፊሉን ለዓለም ባንክ ፈንድ ሸጠው ገቢ አግኝተዋል።

ለ. ዛፍ መትከል። በማሳ ድንበር፣ በመንገድ ዳርና በቦይ ዳር ማንጎ፣ ዋንዛ፣ ሁመርና ሺአ፤ ለነፋስ መከላከያና ለማገዶ ሽመልና ሰስባንያ መትከል ይቻላል። በሚሸረሸር የወንዝ ዳርቻ ላይ የቬቲቨር ሣር በመስመር ቢተከል አፈሩን ይይዛል። ሒሳቡን በተመለከተ፣ ሥሩን ጨምሮ 200 ኪ.ግ. ደረቅ ክብደት ያለው አንድ ዛፍ የያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 345 ኪ.ግ. ያህል ነው። ዛፉ እዚህ ክብደት ለመድረስ ግን ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ የሚቆጠረው የተተከለው ችግኝ ሳይሆን በሕይወት ቆይቶ ያደገው ዛፍ ነው። በየዓመቱ የጸደቀው ተቆጥሮ፣ የደረቀው ተተክቶ በመዝገቡ ላይ መስፈር አለበት።

ሐ. ከሰልን ለአፈር ማዋል። አንድ ሜትር ተኩል ስፋትና 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ጉድጓድ ይቆፈራል። ከታች ጥቂት ደረቅ አገዳ ይለኮሳል። ነበልባሉ ሲበረታና የላይኛው አመድ መልበስ ሲጀምር ሌላ ንጣፍ ይጨመርበታል፤ እንዲህ እየተደረገ ጉድጓዱ ሲሞላ በውኃ ይጠፋል። ከላይ ያለው ነበልባል ጢሱን ስለሚበላው የታችኛው ወደ ከሰል ይለወጣል። ከ1 ቶን ደረቅ አገዳ 200 ኪ.ግ. ያህል ከሰል ቢገኝ፣ በውስጡ ያለው ካርቦን ግማሽ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህላል። አብዛኛውም በአፈር ውስጥ ለረዥም ዘመን ሳይበሰብስ ይቆያል። ከሰሉ ተሰባብሮ ከፍግ ወይም ከብስባሽ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ወደ ማሳ ይገባል። ለዚህ ተብሎ ግን ዛፍ መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ አገዳ፣ ቆረቆንዳና እብቅ ብቻ ይበቃሉ።

9. ሊጠነቀቁት የሚገባ

ዛፍ መትከል የሌላውን ሰው መሬት መውሰጃ መሆን የለበትም። ባዶ የሚመስለው የባሮ ዳርቻ ለአኙዋ ገበሬ የበጋ ማሳ ነው፤ ሰው የማይታይበት የሣር ሜዳ ለኑዌር ከብት የበጋ ግጦሽ ነው። በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ያለውም ሜዳ ነጭ ጆሮ ቆርኬ በመንጋ የሚጓዝበት ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ አጥሮ ችግኝ የሚተክል ድርጅት በመዝገቡ ላይ ካርቦን ቢያስቆጥርም የጎረቤቱን ኑሮ ያስቀንሳል፤ ያ ደን ደግሞ ጠባቂ አይኖረውም። የተከላ ቦታ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ተመክሮበት ይመረጥ።

እንዲሁም ዘንድሮ ደን መንጥሮ በሚቀጥለው ዓመት ችግኝ በመትከል «ልቀቴን አጥፍቻለሁ» ማለት ትክክል አይደለም። የተቃጠለው ዛፍ ካርቦኑን በአንድ ቀን ይለቃል፤ የተተከለው ግን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ በዚህ መካከል እሳት ወይም ድርቅ ሊያገኘው ይችላል። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የማጃንግ ደን የመሰለ ነባር ደን በቆመበት መጠበቅ ከማንኛውም ተከላ ይበልጣል።

ማጠቃለያ

በምሳሌአችን ወደ ጠቀስነው እርሻ እንመለስ። ድርጅቱ ምንጣሮውን ቢተው 259 ቶን ይቀርለታል። አገዳውን ባያቃጥል 29 ቶን ይቀርለታል። ማሾን በማፈራረቅና ማዳበሪያውን በመቅበር ዩሪያውን በሩብ ቢቀንስ 27ቱ ቶን ወደ 20 ይወርዳል። በጥንቃቄ በማረስ ናፍጣውን በሩብ ቢቀንስ 16ቱ ወደ 12 ይወርዳል። 331 የነበረው ልቀት እንግዲህ 32 ቶን ሆነ። አስቀድሞ ልቀቱን በዛፍ ብቻ ለመመለስ ቢያስብ ኖሮ በየዓመቱ 960 ያህል ዛፎች እያንዳንዳቸው 200 ኪ.ግ. ደረቅ ክብደት እንዲደርሱለት ያስፈልገው ነበር። አሁን ግን 93 ያህል ይበቁታል። ይህ በማሳው ድንበር ላይ ሊፈጸም የሚችል ሥራ ነው።

ስለሆነም ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ መመዝገብ፤ ቀጥሎ ምንጣሮንና ቃጠሎን ማቆም፤ ከዚያ ማዳበሪያን፣ ውኃንና ናፍጣን መቆጠብ፤ በመጨረሻም የቀረውን በዛፍና በአፈር መልሶ መያዝ። ይህንን ቅደም ተከተል የገለበጠ ድርጅት ብዙ ደክሞ ጥቂት ያገኛል። የጠበቀ ግን ልቀቱን ከመቀነሱም በላይ ወጪውን ያቃልላል፣ አፈሩን ያለማል፣ ከወንዙና ከጎረቤቱም ጋር ተስማምቶ ይኖራል።